ምትክ የሌለው አስተማሪ

ሰው በስድብ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በምስጋና ሲጎዳ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምስጋናውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ በ1962 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ የሆነ ነው። ኦቦ ነመራ ባይሳ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። እኛ በመምህራን ማረፊያ ሻይ ስንጠጣ እሳቸው መስኮቱ ሥር ይቆማሉ። ክፍል ውስጥም ከሰሌዳው እስከ መጨረሻው ወንበር ሲመላለሱ ነው የሚያስተምሩት፤ ተማሪዎቹ «ኦቦ ነመራ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጎረቤት ከተማ ዲጋ ደርሰው ይመለሳሉ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ዲግሪያቸውን ያገኙት ስድስት ክረምት አዲስ አበባ ተመላልሰው ነው፤ አውቶቡሱ ጭቃ በያዘው ቁጥር ወርደው ከሚገፉት አንዱ ሆነው።

እረፍት የነሳቸው ግን በር ነበር። ዳይሬክተራችን አቶ መሸሻ ከሸዋ የመጡ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። ደወል ከተደወለ በኋላ የግቢው በር ይቆለፋል። ከጉቶ ጊዳ ገጠር ሁለት ሰዓት በእግር የሚመጡ ልጆች ደግሞ ዝናብ ባደረ ቀን ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃሉ፤ ተሻግረው ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። ኦቦ ነመራ መስኮቱ ሥር የሚቆሙት እነዚያን ልጆች ሊያዩ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አስተማሪ ያለው አንድ ክፍል ነው፤ ሰዓቱም በሩም የሌላ ሰው ነው ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ በዝናቡ ወራት ትምህርት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይጀመር ብለው ጠየቁ። አቶ መሸሻ ሳቅ ብለው «ዳይሬክተር ሲሆኑ ይቀይሩታል» አሏቸው። ለቀልድ ነበር የተናገሩት። ቃል ግን ከአፍ ከወጣ በኋላ የተናጋሪው ንብረት አይደለም፤ በዚያ ሰውዬ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሥር ሰደደ።

ሚያዝያ ላይ ከአዲስ አበባ ማስታወቂያ መጣ። ዩኒቨርሲቲው ልምድ ላላቸው መምህራን ከዲግሪ በላይ የአንድ ዓመት የትምህርት ቤት አስተዳደር ጥናት ሊከፍት ነው፤ ዛሬ የትምህርት አመራር የሚሉት መሆኑ ነው። ከወለጋ አንድ ሰው ይመረጣል። ቢያንስ አሥር ዓመት ያስተማረ፣ ዕድሜው ከአርባ ያላለፈ፣ የአለቃው የድጋፍ ደብዳቤ ያለው፣ ስሙም እስከ ግንቦት ሠላሳ የተላለፈ መሆን አለበት። ኦቦ ነመራ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ሆኗቸዋል። ለእሳቸው የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር አልነበረም።

ደብዳቤውን እንዳረቅ አቶ መሸሻ ለእኔ ሰጡኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አማርኛ አስተማሪ፣ ከጎጃም የመጣሁ የቄስ ልጅ፣ በብዕሬ የምመካ። ጻፍኩ፤ አሳመርኩ። መዝጊያው ላይ «በመምህርነቱ ምትክ የለውም» አልኩ። አቶ መሸሻ ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ ደብዳቤውን ያቆመችው ይቺ መስመር ናት ብለው ፈረሙ፤ ማኅተም መቱበት።

ግንቦት ሃያ ቀን ኦቦ ነመራ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። ምርጫውን የያዙት አቶ ገብረክርስቶስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደብዳቤውን አውጥተው ያቺን መስመር በጣታቸው አሳዩዋቸው። አለቃህ ራሱ ምትክ የለውም ካለ አንተን ለቅቄ ትምህርት ቤቱን በማን ልሙላው አሏቸው። ሊነቀፍ የማይችል አነጋገር ነው። የቀረው አሥር ቀን ነበር።

ከዚያ ሲወጡ በገበያው መንገድ አገኘኋቸው። እርምጃቸውን ሳያቆሙ ነገሩን ነገሩኝ፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ። መጀመሪያ ሳቁ።

«በኛ ቋንቋ ምትክ የለውም ለማለት ‹በካ ቡኣ ሂንቀቡ› እንላለን» አሉ። «መሐል ያለችውን ቃል ብትጥላት ‹በካ ሂንቀቡ› ይሆናል፤ ቦታ የለውም። የቄሱ ልጅ፣ አንተ የትኛውን ነው የጻፍክልኝ?»

ሮጬ ጎናቸው ደረስኩ።

«በል ሌላ ጻፍ። ተራ አስተማሪ ነው በል» አሉኝ።

ቤታቸው ሄድን። ስጽፍ እሳቸው በሩና ጠረጴዛው መሐል ይመላለሳሉ። «ትጉህ» አልኩ፤ ሰርዝ አሉ። «ደህና አስተማሪ ነው» አልኩ፤ ደህናን ማን ይለቃል ብለው እሱንም አሰረዙኝ። ባለቤታቸው ድርቤ ይህን ሰምተው፣ ባሌን ቁጭ ብሎ የሚያዋርድ ሰው ከቤቴ ሻይ አያገኝም አሉኝ። እውነትም አላገኘሁም። ኩሩ ሰው ራሱን በገዛ አፉ ሲያሳንስ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሰው ትልቅ ሊሆን ስንት ጊዜ ማነስ አለበት? ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲም መጻሕፍትም አልመለሱልኝም።

አቶ መሸሻ ግን አልፈርምም አሉ። ባለፈው ምትክ የለውም ብዬ፣ ዛሬ አለው ብል፣ ወይ ያኔ ዋሽቻለሁ ወይ አሁን፤ የትኛውን ልሁንልህ አሉኝ። እሳቸውም እውነት ነበራቸው። ያን ሳምንት የሁሉም ሰው አፍ እውነት ይናገር ነበር፤ የሰውዬው መንገድ ግን ዝግ ነው።

ግንቦት ሃያ ስምንት ኦቦ ነመራ ክፍሌ ደጃፍ መጡ። አብረኸኝ ትመጣለህ አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። አቶ ገብረክርስቶስ ፊት እንደቆምን ኦቦ ነመራ ወደ እኔ አመለከቱ። ደብዳቤው ይቀመጥ፣ ምትኬ ይኸውና አሉ።

አቶ ገብረክርስቶስ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ የአማርኛ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? ሒሳብ ታውቃለህ?»

«በማትሪክ ሲ አግኝቻለሁ።»

«በሲ ነው አሥረኛ ክፍል የምታስተምረው?»

ኦቦ ነመራ በአንዲት ቃል እንኳ አልረዱኝም። አልችልም ለማለት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ እውነቱም እሱ ነው። «ክረምቱን ሙሉ አጠናለሁ፤ አስተምራለሁ» አልኩ። በወረቀት አስፈረሙኝ። በማግስቱ የኦቦ ነመራ ስም ወደ አዲስ አበባ ተላለፈ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይም ተቀባይነት ማግኘታቸው ተነገረ።

ከጥናቱ በኋላ ያለው ሕይወታቸው በአጭሩ ይህ ነው። ወደ እኛ አልመለሷቸውም፤ ጊምቢ ዳይሬክተር ሆኑ። በመጀመሪያው ዝናብ ሰዓቱን ቀየሩ፤ ተከሰሱ፤ ወደ ሻምቡ ተዛወሩ። እዚያም ቀየሩ፤ ወደ አርጆ ሄዱ። አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ሞልተው አያውቁም። ድርቤ ዕቃቸውን ፈትተው ሳይጨርሱ ያስሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። እኛ ነቀምቴ ደግሞ በራችን እንደተቆለፈ ቀረ። ይህን ድል ልበለው ወይስ ሽንፈት አላውቅም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የስንብታቸው ቀን ነው። መስከረም መጨረሻ፣ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲጫን አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ያን ክረምት ያጠናሁት ጂኦሜትሪ ብቻ አልነበረም፤ ራሴንም ስመረምር ነው የከረምኩት። ያቺ ቃል ከብዕሬ ስትወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው ዓረፍተ ነገሩ ስላማረ ነው? ወይስ በዚያ ከተማ የልቤን የማወራው ሰው እሳቸው ብቻ ስለነበሩና ምትክ የሌለው እንደማይለቀቅ አንዱ የልቤ ጥግ ስላወቀ? ዛሬ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላም፣ ልምልበት የምችለው መልስ የለኝም። ያን ዕለት ግን ተናገርኩት። ኦቦ ነመራ፣ ያቺን ቃል ሳላውቅ የጻፍኳት አይመስለኝም አልኳቸው።

ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ እርምጃቸውን ገትተው ሲቆሙ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ። «አሥራ አራት ዓመት ፈተና የጠበቅሁ ሰው ነኝ፤ የሚኮርጅ ልጅ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ አይጠፋኝም። ታዲያ ምትክ አድርጌ አንተን የወሰድኩት በሲህ ተማርኬ መስሎሃል?»

ከዚያ «ኦቦሌሳኮ» ብለው፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው፣ ትከሻዬን መታ አድርገው አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። ይቅር እንዳሉኝ ወይም እንዳላሉኝ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። አውቶቡሱ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት አሥረኛ ክፍል ገባሁ። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሣልኩ። ደራርቱ የምትባል ተማሪ ከኋላ እጇን አውጥታ፣ ቲቸር፣ ሁለቱ መስመሮች አልተገናኙም አለችኝ። ዞሬ አየሁ፤ ልክ ናት። አጠፋሁና እንደገና መሣል ጀመርኩ።