ዳገት ላይ የመጣ ግጥም

ሐሙስ፣ ከደሴ ወደ ላሊበላ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከደሴ ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ ባዶ ደብተር ነበር። ያስተማሩኝ ጋሽ ተካ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ የሽኝቱን ዘፈን ግጥም ጻፊ የተባልኩት እኔ ነኝ። ዝግጅቱ ሰኞ ነው። ባለፈው ሳምንት ፀጉሬን ስታጠብ ጥሩ ስንኝ መጥቶልኝ፣ እጄን አድርቄ እስክሪብቶ እስካነሳ ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ስለዚህ ጸጥታ ፍለጋ ተነሳሁ።

ከወልድያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጋሸና ላይ ብርዱ ጥርሴን ሲያንገጫግጨው ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በሠላሳ ብር በላሁ።

ዓርብን ሙሉ ላሊበላ በያዝኩት ሆቴል ሰገነት ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሻይ ጠጣሁ፣ ተራራ አየሁ። አንድም ቃል አልመጣም።

ቅዳሜ፣ ወደ ገነተ ማርያም

በቅሎ ተከራየሁ። ባለቤቷ አያ ሞላ ልጓሙን ይዘው ይመራሉ፤ ወደ ደብራቸው የሚመለሱ አንድ መሪጌታም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይከተሉናል። የገብሱ ማሳ ሲያልቅ መንገዱ ጠበበ። በስተግራ ገደል ነው። ዝናብ ጀመረ። ኮርቻውን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ ግጥሙ ከነዜማው ዱብ አለ።

"አያ ሞላ፣ ያቁሙልኝ! ልጻፍ!"

"እታለም፣ እዚህማ መቆሚያ የለም፤ ያዳልጣል።"

"ምን ሆንሽ ልጄ?" አሉ መሪጌታ ከኋላ።

"የአስተማሪዬ መሸኛ ግጥም መጥቶልኝ ሊጠፋብኝ ነው!"

"ይኸ ምን ያስጨንቃል? እኛ ቅኔ ስንቆጥር ወረቀት መች ነበረን? ለሰው ስጪው። አንዱን ስንኝ ለኔ፣ አንዱን ለሞላ፤ የቀረውን አንቺ ያዢ።"

ጮክ ብዬ አደልኳቸው። በየመታጠፊያው መሪጌታ አንደኛውን፣ አያ ሞላ ሁለተኛውን፣ እኔ የቀሩትን እያልን ወጣን። ከላይ የሚወርዱ ገበያተኞች ቆመው ሳቁብን።

ገነተ ማርያም ደርሰን እንደተጠለልን ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከአፋቸው ጻፍኩ፦

ጠመኔው አለቀ፣ ዱቄቱም ተራግፏል፤
የጻፉት ግን ሰው ነው፣ በያገሩ ተርፏል።
በሩ ተዘጋ እንጂ ትምህርቱ መች ቆመ፣
በኛ አንደበት ገብቶ ዳግም ለመለመ።

"አያ ሞላ፣ እኔ 'በልባችን ተርፏል' ነበር ያልኩት እኮ።"

"እንጃ እታለም። አስተማሪ ስትዪ ተምረው የወጡት ልጆቼ ታዩኝ። አንዱ ኮምቦልቻ ነው፣ አንዷ ሰቆጣ፣ አንዷ አዲስ አበባ። በያገሩ አይደል ያሉት?"

መሪጌታ ሳቁ። "ተይው፤ የሞላ ይበልጣል።"

እውነትም ይበልጥ ነበር። ተነስቼ የሁለቱንም ጉልበት ሳምኩ።

ሰኞ፣ ደሴ

እሑድ አውቶቡስ ውስጥ የተማርኩትን አሰብኩ። ሐሳብ ጊዜ መርጦ አይመጣም። እስክሪብቶ ከሌለኝ ግን አጠገቤ ሰው አይጠፋም፤ አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ የራሱን ጨምሮ ይመልሳል።

ሰኞ አዳራሹ ከየአገሩ በመጡ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ጢም ብሎ ሞላ። "በያገሩ ተርፏል" ብለን ስንዘፍን ከኋላ አንዱ "ከመርሳ!" ብሎ ጮኸ። "ከከሚሴ!" አለች ሌላዋ። "ከሎጊያ!" "ከባሕር ዳር!" አዳራሹ በአገር ስም ተናወጠ። ጋሽ ተካ ቀስ ብለው ተነሱ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና ስም እንደሚጠሩበት ዘመን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ማን ቀረ?"

"ማንም!" አልን፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ።