አክተሩ ይሞታል ወይ?

አሰብ ውስጥ ብርድ ልብስ እሸጥ ነበር። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው አሰብን ያውቃል ማለት ነው። ወንዱ በሽርጥ ብቻ ሆኖ ደጅ በተዘረጋ አልጋ ላይ በሚያድርበት፣ የቧንቧው ውኃ ቀትር ላይ ሻይ ለመሆን ቅጠልና ስኳር ብቻ በሚጎድለው ከተማ ብርድ ልብስ መነገድ የጤና አይመስልም። ደንበኞቼ ግን ከወደብ ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡት ሾፌሮች ነበሩ። እነሱ የኮምቦልቻን ንጋት ያውቁታል። ደሴ ላይ ሚስት ያላቸው ደግሞ ባዶ እጅ ሲገቡ የሚመጣውን ብርድ ያውቁታል።

ሚስቴንም ያገኘኋት በብርድ ልብስ ነው። አባቷ የባለ ተሳቢ መኪና ሾፌር ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ከአንድ ልጃቸው ጋር አሰብ የሚኖሩ፣ ዝምተኛ፣ ትከሻቸው የጋቢና በር የሚያህል ሰው። ባቲ ላለች እህታቸው ብርድ ልብስ ሊገዙ ከልጃቸው ጋር መጡ። እሳቸው ዋጋ ጠየቁ። እሷ ጨርቁን በጣቷ እያሸች፣ «ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?» አለችኝ።

«አሰብ ውስጥ አይለቅም» አልኳት። «በምን ውኃ ታጥቦ?»

ሳቀች። አባትየው አልሳቁም፤ ዋጋውን ግን አስቀነሱኝ።

ከወራት በኋላ እኔና ልጅቷ ነገሩን በመካከላችን ስንጨርስ፣ እሳቸውን ላናግር መኪናቸው ወደቆመበት ሄድኩ። ሽማግሌ ሳልልክ በገዛ እግሬ መሄዴ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ነጋዴ ግን ደላላ ከማስገባቱ በፊት ገበያውን ራሱ ማየት ይወዳል። ጭነቱ ላይ ሸራ እያሰሩ ነበር። ገመዱን ሳይለቁ ሰሙኝና፣ «ትናንት ምን ትሸጥ ነበር?» አሉኝ።

«ብርድ ልብስ፣ ጋሼ።»

«አምናስ?»

«ቴርሞስ።»

«ካቻምና?»

«ሽቶ።»

«ነገስ?»

«ገበያው እንደነገረኝ።»

ገመዱን ጠበቅ አደረጉት። «እኔ ልጄን ለገበያ አልድርም» አሉ። «ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚበላ ሰው ሁን። ይህን ክረምት ሳትባረር ከወጣህ መስከረም ላይ እንነጋገራለን።»

የደጋ ሰው ክረምት ሲባል ዝናብ ይታየዋል። አሰብ ላይ ክረምት ማለት ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ የሚመስልበት ጊዜ ነው። በዚያ ሙቀት ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። «የትምህርት ማስረጃ አለህ?» ሲሉኝ «አለኝ፣ ደንበኞቼን ጠይቁ» እላለሁ። ማንም ሄዶ አልጠየቀም።

ሥራው መጥቶ ያገኘኝ ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ማምሻውን ሾፌሮችና የወደብ ሠራተኞች አሸዋው ላይ ይጋጠሙ ነበር። ነፋሱ ከማን ጋር እንደሆነ ካየህ ግማሹን ውጤት አወቅህ። እኔ በርሜል ላይ ወጥቼ ጨዋታውን በጩኸት አስተላልፍ ነበር። ከፋይ የለኝም፤ ሰው ለመስማት ሲሰበሰብ ግን በርሜሉ ሥር ያለውን ዕቃ ማየቱ አይቀርም። ኳሷ በነፋስ ወደ ባሕር ስትነዳ «የመን ገዝቷታል፣ ሂሳቡ አልተወራረደም» እላለሁ። የወደፊት አማቴም ይመጡ ነበር። ጨዋታው እኩል ሆኖ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ግን ጀርባቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ውጤቱን በማግስቱ ነው የሚጠይቁት።

አንድ ቀን ቪዲዮ ቤት ያላት ሴትዮ ከበርሜሉ ሥር ቆማ ሰማችኝና፣ «አንተ፣ ያላየኸውንም እንዲህ ታወራለህ?» አለችኝ።

«ያላየሁትን በተለይ፣ እትዬ።»

«ነገ ና።»

ቪዲዮ ቤቱ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ያለ አዳራሽ ነው። አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን አንድ ቬንትሌተር። የሚታየው የህንድ ፊልም፣ ከተመልካቹ ህንድኛ የሚሰማ የለም። የእኔ ሥራ ቬንትሌተሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ማይክሮፎን ይዤ፣ ሰዎቹ የሚሉትን በአማርኛ መናገር ነበር። ህንድኛ ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እነሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እከፍታለሁ፣ ሲዘጉ እዘጋለሁ። ሴትዮዋ በየቀኑ ልክፈልህ ብትለኝ፣ በወር ይሁንልኝ ብዬ ለመንኳት። በዕድሜዬ የዛሬን ገንዘብ ነገ ስጡኝ ያልኩት ያኔ ብቻ ነው።

በሩ ላይ ቲኬት የምቆርጠውም እኔ ነበርኩ፤ እዚያ ደግሞ ሕግ አለ። የአሰብ ተመልካች ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ «አክተሩ ይሞታል?» አክተር የሚባለው ዋናው ሰውዬ ነው፤ ሌሎቹ ቢያልቁም ግድ የለም። ሌላው ሰው ለጨዋታ ቢጠይቅ፣ ጭኖ ንጋት ላይ የሚወጣ ሾፌር ግን የምሩን ነው የሚጠይቀው። አክተሩ የሞተበት ፊልም አይቶ መንገድ መውጣት ገድ የለውም ይላሉ። ከዓመታት በፊት አንዱ ባልደረባቸው እንዲህ ያለ ፊልም አይቶ በወጣ በማግስቱ የባቲ ዳገት ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ቀርቷል። ፍሬኑ ከፊልሙ በፊት የታመመ ነበር ብትላቸው አይሰሙህም። ያ ሰው የአማቴ የልብ ጓደኛ ነበር።

ይህ መጨረሻን ሳያውቁ ያለመቀመጥ ነገር በእነ አማቴ ቤት ያለ በሽታ መሆኑን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። ልጅቷ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ትጠብቅ ነበር። ማንኛውንም ልብ ወለድ ስትይዝ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ታነባለች፣ ከዚያ በሰላም ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። ለራሷ ብታደርገው ባልከፋ። አንድ ጊዜ ወፍራም መጽሐፍ አዋሰችኝና ገና ከእጇ ስቀበል፣

«ትሞታለች» አለችኝ።

«ማን?»

«ልጅቷ። በብርድ።»

«ምነው አሁን ይህን መናገርሽ?»

«እንድትዘጋጅ ብዬ ነው።»

ያን መጽሐፍ እስክጨርስ ድረስ ያቺን ሴት «ኧረ አንድ ነገር ደርቢ» እያልኩ ከረምኩ። ብርድ ልብስ ሻጭ ነኝ፤ እቃው እጄ ላይ እያለ።

ክረምቱ እንዲህ እያለ ተገባደደ። ጳጉሜ ላይ አዲስ ካሴት መጣ። ከተማው ሁሉ በሚተኛበት በቀትሩ ሰዓት ብቻዬን ከፍቼ ማየት ጀመርኩ፤ ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። እስከዚያ ያየሁት ዘፈን፣ አበባና ዝናብ ብቻ ነው። ናሙና አይቶ ጭነቱን መግዛት የንግድ ወግ ስለሆነ፣ ይህን ያህል የሚዘፍን ሰው አይሞትም ብዬ ደመደምኩ። አሥር ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመጣ ሰዉም መጣ። ከሾፌሮቹ መሐል አማቴ አሉበት። ማዳበሪያ ጭነው ጨርሰዋል፤ ንጋት ላይ ይወጣሉ።

«አክተሩ ይሞታል?» አሉኝ።

«አይሞትም፣ ጋሼ።»

«አይተኸዋል?»

«እንዴታ።»

ገብተው የፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከእኔ ክንድ በማይርቅ ቦታ ተቀመጡ። ፊልሙ ካየሁት ካለፈ በኋላ ዘፈኑ እየቀነሰ፣ ሽጉጡ እየበዛ ሄደ። እኔም እንደ ተመልካቹ ተጨንቄ ነበር የማወራው። ከዚያ አክተሩን ከኋላው መቱት። ደረቱን ይዞ ተንገዳገደ፣ እናቱ ሮጣ ጭኗ ላይ አስተኛችው፣ ረጅም ነገር ነገራትና አንገቱ ወደቀ። በአሥሩም አግዳሚ ያለው ሾፌር ፊልሙን ትቶ እኔን አየኝ።

«ደከመው» አልኩ በማይክሮፎኑ። «እናቴ፣ ትንሽ ልተኛ እያላት ነው።»

«ዓይኑን እየከደነችው ነው እኮ» አለ ከኋላ አንዱ።

«መብራቱ እንዳይረብሸው።»

ሰዎች በቃሬዛ አነሱት። «ወደ ሆስፒታል እየወሰዱት ነው» አልኩ። ቃሬዛው በአበባ ተሸፍኗል። «አገሩ አምቡላንስ የለውም፣ በአበባ ነው የሚወስዱት።» ወንዝ ዳር ደረሱ፤ የተከመረ እንጨት አለ። እግዚአብሔር መላ የሰጠኝ እዚህ ላይ ነው። እናትየው ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሳ መጣች። ነጭ ልብስ፣ የተከመረ እንጨት፣ ችቦ የያዘ ሰው፤ መስከረም ደግሞ ደርሷል።

«ልጇ ስለተረፈላት» አልኩ፣ «ስለት ነበረባት። ነጭ ለብሳ ደመራ እያስለኮሰች ነው።»

«ደመራው ላይ የተጋደመው ምንድን ነው?» አለ ያው የኋላው።

«እንጨት ነው። ወፍራም እንጨት።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?»

«ጭሱ ዓይኗ ገብቶ ነው። ዝም ብለህ እይ።»

ሰው መሳቅ ጀመረ። የአክተሩ ፎቶግራፍ አበባ ተንጠልጥሎበት ግድግዳ ላይ ሲታይ «ድኖ ሩቅ አገር ሥራ ይዟል፤ ፎቶ ልኮላቸው ነው» ብዬ ማይክሮፎኑን አስቀመጥኩ። አማቴ አልሳቁም። ተነሥተው ሸሚዛቸውን አራገፉ፣ በሩ ላይ አጠገቤ ቆም አሉና፣

«ዳነ ነው የምትለው?» አሉ።

«ዳነ፣ ጋሼ።»

«ደግ» ብለው ሄዱ።

ሴትዮዋ ሰዉ ከወጣ በኋላ ካሴቱን አውጥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። «ሁለተኛ ደመራ አላስደምርህም» አለችኝ። ከሥራ አላባረረችኝም፤ እኔ ግን ሥራውን መርሳቴ ነበር። እንደ እውነቱ፣ እኔ በገድ አላምንም። ነጋዴ በገድ ካመነ ሱቁን የሚከፍትበት ቀን አያገኝም። ንጋት ላይ የእሳቸው መኪና ሞተር ሲነሳ ሰምቼ ግን በሽርጥ ሮጬ ደጅ ወጣሁ።

ለልጅቷ እውነቱን ነገርኳት። እቆጣለሁ ብላ ጀምራ ተወችው። «አባዬ ባቲን መቼ ይሻገራል?» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላይ የሚወርደውን መኪና ሁሉ አስቆማለሁ። «ዶቢ ላይ አገኛችኋቸው? ሚሌ አድረዋል?» አንዱ አይቻቸዋለሁ ይላል፣ ሌላው ሌላ ሰው አይቶ ይሆናል። ልጅቷ ዘንድ ስሄድ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ተዘግቶ አገኛታለሁ። የመጨረሻውን ገጽ አንብበሽዋል ስላት «አላነበብኩም» አለች። እንዲህ ስትል ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ የባሕሩን ዳር ይዘን በእግራችን ሄድን፤ እሷ አንዴ «ፍሬኑን ባለፈው ወር አሳይቶታል» አለች፤ እኔም «እኔ ባለሁበት ነው ያሳዩት» አልኩ። አልነበርኩም።

መስከረም ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት፣ በሩ ላይ ቲኬት እየቆረጥኩ፣ የተሳቢ ጡሩምባ ሰማሁ። ቀና ስል እሳቸው ናቸው፤ ቅንድባቸው ድረስ አቧራ።

«ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» አሉኝ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

«ደህና ነው፣ ጋሼ። ዛሬ አጥሚት ቀመሰ።»

ቆመው አዩኝ። «እናቱ ነጭ ለብሳ ነበር።»

«ለበዓሉ ነዋ።»

«እኔ አስመራም አዲስ አበባም ሲኒማ ስገባ ኖሬያለሁ» አሉ። «ህንድ ሬሳውን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።»

የቆረጥኩትን ቲኬት ደግሜ ቆረጥኩት። «ታዲያ ጋሼ» አልኩ፣ «እንዴት መኪናውን አስነሡ?»

«ስታወራ ላብህን አየሁት።»

«አሰብ ውስጥ የማያልበው አለ?»

«አንተ ቬንትሌተር ፊት ነበርክ። ያ ላብ ለእኔ ነበር።» አቧራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ዶቢ ላይ ደስ የማይል ነገር ሽው ሲለኝ፣ ልጁ ሆስፒታል ነው፣ ድኗል እያልኩ ነዳሁ። ባቲንም እንዲሁ ወጣሁ። ምን አባቴ ላድርግ፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።» ጥቂት ሄድ ብለው ዞሩ። «ሽማግሌ ላክ። ብርድ ልብስ ግን እንዳታሲዛቸው።»

ላክሁ፤ ተጋባን። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ከደጋ በወረዱ ቁጥር ስለ ልጃቸው ሳይሆን ስለ አክተሩ ነው የሚጠይቁኝ። እኔም እያሻሻልኩ እነግራቸዋለሁ፤ ምርኩዙን ጣለ፣ ገበያ ወጣ። አንድ ጊዜ «ሥራ ጀመረ» አልኳቸው።

«ምን ሥራ?»

«ደመወዝ ያለው።»

«እሱ ይሻለዋል» አሉና በዕቃ የተሞላውን ሱቄን ዞር ዞር ብለው አዩ። ያኔ ወደ ንግዴ ተመልሼ ነበር።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለደች ጊዜ ከባቲ ገበያ ሙክት ይዘው ወረዱ። ያን ሁሉ በረሃ እንዴት እንዳሻገሩት እንጃ፤ በጉ ከእሳቸው የተሻለ መልክ ነበረው። ወደ ጓዳ አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ገመዱን እጄ ላይ አስያዙኝ።

«ይህ ለዚያ ልጅ ነው» አሉኝ። «የቆሰለ ሰው ቅባት ያለው ነገር ይፈልጋል።»

«አባዬ» አለች ባለቤቴ ከውስጥ፣ «እሱ እኮ ከዳነ ቆየ።»

«ካልፈለገው እናንተ ብሉት» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዓይናቸውን በመሐረብ እያሻሹ፣ መንገዱ አቧራ ነው አሉ።

በጉን አረድኩ። የአክተሩን ድርሻ ለብቻ በሣህን አስቀመጥንለት፤ ራት ላይ እሳቸው በሉለት።