የእትዬ ጥሩወርቅ እልልታ

በቀደም ቢቸና ገበያ ዳር ሳልፍ፣ አንድ ሰው ከአጥሩ ሥር የነቀለውን እምቧይ ያቃጥል ነበር። ጢሱ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ እትዬ ጥሩወርቅ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። እንባዬ መጣ፤ ላየኝ ሰው ሁሉ በጢሱ አመካኘሁ።

በጃንሆይ ዘመን አጥር የምንጋራ ጎረቤታችን ነበሩ። የሰፈሩን ልጅ ጥርስ ሲያመው የሚወሰደው ወደ እርሳቸው ነው። የእምቧይ ፍሬ በገል ፍም ላይ ይጨምሩና ልጁን ጋቢ አከናንበው አፉን በጢሱ ላይ ያስከፍቱታል፤ ጥርስን የሚበላው ትል በጢስ ይሞታል ይባል ነበር። “ክፈት የኔ ጌታ፣ ትሉ ይውጣ” ይላሉ። እኛም ከሕመሙ ይልቅ ጢሱን እየፈራን ቶሎ “ተሻለኝ” እንል ነበር።

አንድ ክረምት አንድያ ልጃቸውን ይበልጣልን መንጋጋው ያመው ጀመር። ሌት ተቀን አለቀሰ። አጠኑት፤ በማግስቱ ዝም አለ። “ትሉ ሞተ!” ብለው እልል አሉ፤ ለእኛም ቆሎ በየእፍኛችን ሰጡን። ለካ የሞተው ጥርሱ ኖሯል፤ መግሉ ወደ ውስጥ ወርዷል። ጉንጩ አበጠ፣ አንገቱ ደነደነ፣ ገላው እንደ እሳት ነደደ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪና የለም፤ ሞጣ ጤና ጣቢያ እናድርሰው ብለው በቃሬዛ ይዘውት ወጡ። መንገድ ላይ አረፈ። አብሮኝ ጠጠር ይጫወት የነበረ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ጥሩወርቅ ለማንም ልጅ ፍም አልጫሩም። በጋ ሲገባ እኔን ጥርስ አመመኝ። ስጮህ ሰንብቼ ድንገት ተወኝ። እናቴ “ተመስገን!” ስትል በአጥር ሰሙና ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ ዘለቁ።

“ዝም አለች?”

“ተሻላት እኮ፣ እትዬ።”

“የኔም ተሽሎት ነበር!” አሉና አፌን በጣታቸው ፈልቅቀው አዩ።

እህል የጫነ ኤንትሬ መኪና ለምነው ይዘውኝ ወጡ። ሞጣ እስክንገባ ጭንቅላቴን ከጭናቸው አላወረዱም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጥርሴን ሲነቅለው መግሉ ተከትሎ ፈሰሰ። ጎንበስ ብለው አዩት።

“የልጄም ይኸው ነበር?”

“ሳይሆን አይቀርም፣ እናቴ።”

“እኔ እኮ ያን ለት እልል ብያለሁ” አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ ካረፉ ዘመን አለፈ። በሰፈራችን ግን ጥርሱን ያመመው ልጅ ዝም ሲል እስከ ዛሬ ማንም አይደሰትም፤ አስቀድሞ አፉ ተከፍቶ ይታያል።