ከድንጋዩ ሥር የነበረው ጀሪካን

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ከኤርፖርት ሥራዋ እስክትመለስ ድረስ፣ በሰው አገር፣ ብሩክሊን ሴንተር ባለው አፓርታማችን ምሽቱን የምታሳልፍልኝ አንዲት ደሴት ነበረች። ውጭ በረዶው ሲከመር፣ አባባ የምለው አያቴ መብራቱን ያጠፋና ፍም መስሎ የሚቀላው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ፊት አስቀምጦኝ ስለ እሷ ያወራኛል። አባባ በወጣትነቱ የጥበቃ ጀልባ መርከበኛ ስለነበር ሌላ ተረት አያውቅም።

ደሴቷ ቀይ ባሕር ላይ ያለች፣ ከድንጋይና ከወፍ ኩስ በቀር ምንም የሌለባት፣ የሚጠጣ ውሃ እንኳ የማይገኝባት ናት። እኛ የኛ ናት እንላለን፤ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችንም የእኛ ናት ይላሉ። ያኔ የአባባ ጓዶች በየወሩ ሄደው የእነዚያን ባንዲራ አውርደው የራሳቸውን ይሰቅላሉ፣ እነዚያም በተራቸው መጥተው ያወርዱታል። ታዲያ ማንም ያላዘዘው አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሁለቱም ወገኖች የወረደውን ባንዲራ አጥፈው ከድንጋይ ሥር ያኖሩና አጠገቡ አንድ ጀሪካን ውሃ ትተው ይሄዳሉ። ማዕበል እዚያ የሚጥለው ሰው የማን አገር ሰው እንደሚሆን አይታወቅማ!

አንድ ቀን አዲስ የመጣ አለቃ ጀሪካኑን አይቶ አባባን፣ «ጠላት ውሃ ታጠጣለህ? ድፋው!» አለው። አባባ ደፋውና ባዶውን ክዳኑን ገጥሞ ከድንጋዩ ሥር መለሰው። በወሩ ሲመለሱ ባዶውን ጀሪካን ክዳኑ ተከፍቶ ባሕሩ ዳር ወድቆ አገኙት። ሰው ግን አልነበረም።

«አባባ፣ ሂ ዳይድ? ሰውዬው ሞተ?»

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

እናደድበት ነበር። «ነገ ስትነግረኝ አትድፋው፣ እሺ?» እለዋለሁ፣ እሺ ይለኛል። በማግስቱ ግን እዚያው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይዝልና ደግሞ ይደፋዋል።

ዛሬ አባባ እዚሁ አቅራቢያ ፍሪድሊ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ይኖራል። ስሜን ረስቶታል፤ ደሴቷን አልረሳትም። ከሥራ ወጥቼ ልጠይቀው ስሄድ እጄን ይዞ፣ «ጀሪካኑን ሞላሽው?» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ላሳርፈው ብዬ፣ «አዎ አባባ፣ ሞላሁት» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «ታዲያ ለምን ባዶውን አገኘነው?»

ያቺ ደሴት አሁን የማን እንደሆነች እንኳ አላውቅም። ከንፈሩ ደርቆ ስለነበር ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ አቀረብኩለት። አልጠጣም፤ ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋው።

«ለሱ አስቀምጪለት» አለኝ።