ጌሾ የጎደለው ወይን

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ የቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ሲከፍት የበሰለ ፍሬና የእርጥብ እንጨት ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጆቼ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ልንገራችሁ።

ሠርጌ ለጥር መጨረሻ ተቆርጦ ነበር። አምቦ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ጠጅ የጣለ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስቀምሰው አባቴን ነበር። በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ ንቦቹን ጎዳቸውና ደህና ማር ጠፋ። እናቴ በሕይወት ስላልነበረች ድግሱን የያዘችው የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። ገና በዋለ ሰሞን ከሱቅ ርካሽ ቀይ ወይን ገዝታ አቀረበችለት።

አባቴ ወይኑን በብርሌ አስቀዳ። ወደ መስኮቱ ዞሮ በፀሐይ አየው፣ አሸተተው፣ ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ጌሾ ይጎድለዋል።»

«አንተ ልጅ፣ ወይን ውስጥ ጌሾ ማን ይከታል?» አለች አክስቴ።

የአምቦ ውሃ ጨመረችበት። ወይኑ እየተንሿሿ ሮዝ አረፋ አወጣ። አባቴ ያንንም ቀመሰ።

«ይኼ ደግሞ የሳል መድኃኒት ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከጌዶ ለሚመጡት አማቾቼ ይህን አልቀዳም። ማር እስኪገኝ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን።»

ከፋሲካ በኋላ! ጓዳ ገብቼ እመቤቴ ማርያምን ለመንኋት።

እሷም አልዘገየችም። የእጮኛዬ እናት ስለ ሠርጉ ልትነጋገር ከጌዶ መጥታ ኖሮ፣ «አከም ጅርቱ!» ብላ በኦሮምኛ ሰላም እያለች ገባች። ብርሌዎቹን አየች፤ ሳትጠየቅ አንዱን አንስታ ቀመሰች። አባቴ ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር።

«ይጎመዝዛል፣ ኦቦ።»

«አላልኩም!» አባቴ ጭኑን መታ።

ሠርጌ ከፋሲካ ወዲያ ሲሻገር ታየኝ። እሷ ግን ዙሪያውን ቃኘችና፣ «እዚህ ቤት ምግብ የለም እንዴ?» አለች። አክስቴ እየተሯሯጠች ጥብስ አቀረበች። አማቴ ጎረሰች፣ አኘከች፣ ብርሌውን ጨለጠችው።

«ምስኪኑን በባዶ ሆድ ነው እንዴ የምትፈርዱበት? ይኼ እኮ ከጥብስ ጋር ነው!» አለችና አዋዜ የነካ ትልቅ ጉርሻ ወደ አባቴ አፍ ላከች። «ይቀበሉኝ፣ ኦቦ!»

«ኧረ አዴ፣ እኔ በቃ...»

ጉርሻው አፉን ዘጋው። አኘከ። ተጎነጨ። ደግሞ ተጎነጨ።

«አንድ ያጣላል» አለች አማቴ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።

አባቴ ሳይለመን አፉን ከፈተ። አክስቴ በሳቅ ግድግዳ ያዘች።

«ጥር ይሁን» አለ ሲውጥ። «ጥብሱ ግን ይብዛ።»

አማቴን አውቶቡስ አሳፍረን ተመለስን። ደጃፋችን ስንደርስ አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«እዚያ ቤት አይርብሽም» አለኝ።

አባቴ ዛሬ የለም፤ ነፍሱን ይማር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልራበኝም።