የኤሊዋ ጀርባ

ሚግዳሊያ ቶርዮስ ኤሊዋን ከወተት ቆርቆሮ መሥራት ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በስኳር ፋብሪካው ብረታ ብረት ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት በያጅ ነበረች። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሰው ዶሚኖ ሊጫወት ሲቀመጥ እሷ ፒንሳዋንና ሞረዷን ይዛ ቤቷ ገባች።

ኤሊ የሚሏት አደባባዩ ላይ በሲሚንቶ መደብ የቆመችው ብረት ለበስ ናት። አብዮቱ ሊያሸንፍ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የፋብሪካው ሠራተኞች የሸንኮራ ጋሪ የሚጎትተውን ባለ ሰንሰለት ትራክተር የቦይለር ላሜራ አልብሰው ወደ ጦር ሰፈሩ ነዱት። የሚግዳሊያዋ ኤሊ መዳፍ ላይ ታርፋለች። ሰንሰለቷ የአሮጌ ሰዓት ማሰሪያ ነው፤ መብራቶቿ የሸሚዝ ቁልፍ። ላሜራዎቹን የሚያያይዙትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሪቬቶች፣ ክብ ራስ ያላቸውን ችንካሮች፣ ግን በደነዘ ሚስማር ከውስጥ እየገፋች አንድ በአንድ ታወጣቸዋለች። አንዱን ከሳተች ቆርቆሮውን ትጥለዋለች። ሰብሳቢዎች ከሃቫና ድረስ የሚመጡት ለዚህ ነው።

የስልሳኛው ዓመት በዓል ሲቃረብ ኦስሜል የሚባል ወጣት ከክፍለ ሀገሩ የቅርስ ቢሮ መጣ። አርባ ኤሊዎች ማኅተም ተመቶባቸው «ይፋዊ ቅጂ» ሊባሉ ነው፤ አንደኛዋ የከተማው ሙዚየም መስታወት ውስጥ ትገባለች። ናሙናዋን አገላብጦ አየ።

«ጓድ ሚግዳሊያ፣ እጅዎ ይባረክ። ጀርባዋን መቼ ይጨርሱታል?»

«ተጨርሷል።»

«ክፍት ነው እኮ።»

«ክፍት ነበረቻ።»

ኦስሜል የትልቋን ኤሊ ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «እኔ ራሴ ነኝ የለካኋት። ከኋላ ስምንት ሚሊ ሜትር ላሜራ አለ።»

«ላሜራውን ከአንተ በፊት አውቀዋለሁ፣ ልጄ።»

«ቢሆንም ንድፉ…»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም? ተነስ፣ እንሂድ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠራተኞቹ ኤሊዋን ሲያለብሱ ላሜራ አለቀባቸው፤ ጀርባዋ ባዶ ቀረ። እዚያ ቆሞ ጥይት የሚያቀብለው ፋኩንዶ አርሴ የሚባል የቦይለር ሠራተኛ ነበር። አንድ ጎዳና ካለፉ በኋላ ከጣሪያ ላይ በተተኮሰ ጥይት ጀርባውን ተመትቶ ሞተ። ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ ለሰልፍ ሊያወጧት ሲያዘጋጇት ግን የክፍሉ አለቃ «አብዮት ጀርባዋን ከፍታ አትሰለፍም» አለ። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተለማማጅ የነበረችው ሚግዳሊያ የብየዳ ኤሌክትሮዷን አንስታ በላሜራ ዘጋችው። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነበር፤ በኩራት ነው የሠራችው።

ያዩት ሰዎች አንድ በአንድ ሞቱ፤ የቀሩትም ባሕር ተሻገሩ። ከኋላ የመጣው ትውልድ የተዘጋ ጀርባ እያየ አደገ፤ አድጎም ጠየቀ። ብረት ውስጥ ያለ ሰው እንዴት ጀርባውን ይመታል? መልሱን ማንም አልነገረው፣ ራሱ አገኘው፤ ወርዶ ሲሮጥ ነዋ። የፋኩንዶ ልጅ ዲግና በሰፈሩ «የሯጩ ልጅ» ተባለች፤ አርጅታም ስሙ አልለቀቃት። የሚያናድደው ይሄ ነው። አንድም ሰው ዋሽቶ አልተናገረም፤ ላሜራ ብቻ በየዱ፣ ቀለም ቀቡ፣ አጨበጨቡ። ሚግዳሊያም እየሰማች ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖረች፤ የራሷን ኤሊ ለመሥራት የትልቋን ሪቬቶች ስትቆጥር ከኋላው ላሜራ ላይ አንድም እስክታጣ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ጀርባዋን ዘግታ አታውቅም። ነገር ግን ማኅተም የሌለው ኤሊ መጫወቻ ነው፤ በመጫወቻ የሰው ስም አይጸዳም።

አደባባዩ ላይ ዲግና መደቡ ሥር ተቀምጣ በወረቀት የጠቀለለችውን ለውዝ ትሸጣለች። ሚግዳሊያ አጠገቧ ቆማ በሞረዷ የኤሊዋን ጎን ፋቀች። አረንጓዴው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፤ የሪቬት ራስ ብቅ አለ።

«ያን ታኅሣሥ መስመሩ ተቆርጦ መብራት አልነበረም። ብየዳ ከየት ይመጣል? ሁሉንም በመዶሻ ነው የመቱት።» ወደ ኋላ ዞራ ፋቀች። «ይኸው። አንድ ሪቬት አሳየኝ።»

ኦስሜል ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰ። «ብየዳ ነው።»

«እዚህ ጋ እጅ ተንቀጥቅጦ ብረቱን አቃጥሎታል፤ አየኸው? ጀማሪ ነው።»

«ማን እንደበየደው ይታወቃል?»

«እኔ ነኝ።»

ዲግና የምትጠቀልለውን ወረቀት አስቀመጠች። «አንቺ?»

«እኔ ነኝ፣ ዲግና።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ዳቦ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ቆመሽ?»

«አንዳንዴ ከፊትሽም ነበርኩ።»

«አትቀልጂብኝ።»

«አልቀለድኩም። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።»

ዲግና ለውዟን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ ወደ ኦስሜል ዞረች። «አንተስ ምን ትገተራለህ? ብዕር የለህም?»

ኦስሜል ብዕሩን አውጥቶ ወደ ሚግዳሊያ ዞረ። «ቃልዎ በጽሑፍ ያስፈልጋል፣ ጓድ። ስምዎም ይወጣል። ቅርስ አበላሸች ነው የሚሉት። ሰው ደግሞ…»

«ሰው ስለ ፋኩንዶ ሲል የኖረውን ትንሽ ስለ እኔ ይበል። ወረቀቱን አምጣ።»

የሲሚንቶውን መደብ ጠረጴዛ አድርጋ፣ ቆማ ጻፈች። ቀኑን፣ አለቃው ያላትን፣ የኤሌክትሮዱን ዓይነት፣ የላሜራውን ውፍረት፣ አንድም ሳታስቀር። ፈረመች። ኦስሜል ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ንድፉን አወጣና ከኋላ ያለውን መስመር በብዕሩ ሰረዘ። የቢሮው አለቃ ሦስት ሳምንት አጉረመረመ፤ የተፋቀውን ብየዳ መጥቶ በዓይኑ ካየ በኋላ ግን ፈረመ። አርባዎቹም ማኅተም ተመታባቸው።

በበዓሉ ቀን አንደኛዋ ኤሊ መስታወቱ ውስጥ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ቆመች፤ የሚግዳሊያ ቃል አጠገቧ ተሰቅሏል። ዲግና ለውዟን በር ላይ አስቀምጣ ገባች። ለሚግዳሊያ ሰላምታ አልሰጠችም፤ ሚግዳሊያም አልጠበቀችም። ዲግና የሙዚየሙን ጠባቂ የመስታወቱን ቁልፍ ጠየቀችው። ማንነቷን ያውቃልና ሰጣት። መስታወቱን ከፍታ ኤሊዋን አዞረችና አባቷ የቆመበትን ባዶ ቦታ ወደ ሕዝቡ አደረገችው።

«እማማ፣ ዞራ እኮ ነው የተቀመጠችው» አላት አንድ ጎብኚ።

«ልክ ናት» አለችው ዲግና፤ ቆለፈችና ቁልፉን መለሰች።