የሦስቱ ጫጩቶች ጉርድ ፎቶ

ፎቶ አንሺውን ሰፈሩ ሁሉ «አትሳቁ» ነው የሚለው። መታወቂያ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባባት የምትጨናነቅ ክፍል ውስጥ ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ከአፉ የማይጠፋው ይኸው ቃል ነበር። «አትሳቁ። ቀና በሉ። ፀጉር ከግንባር ላይ ይነሳ፤ ሁለቱም ጆሮ ይታይ።» መሥሪያ ቤቱ የሚስቅ ሰው አይቀበልማ!

ሚስቱን ያገኛትም እዚያው ነው። የሳይንስ አስተማሪ ነበረች፤ አትሳቂ ባላት ቁጥር ሳቁ እየባሰባት ውጭ የተሰለፈው ሰው በሩን መደብደብ ጀመረ። ከተጋቡም በኋላ እሱ እንደ ተማሪዎቿ «ቲቸር» እንዳላት ቀረ።

ቲቸር ወፍ ካየች ሌላ ነገር አታይም። ገበያ ስትሄድ እንኳ ዓይኗ የመብራት እንጨት ላይ ነው። የወፎች ሥዕል ያለበት፣ ዳር ዳሩ ያለቀ አንድ መጽሐፍ አላት። ሕመም ወገቧን ይዞ አልጋ ላይ ሲጥላት ያንገበገባት ቤት መዋሏ ሳይሆን ወፎቹ ያለ እሷ መዋላቸው ነበር። ያኔ ነው አትሳቁ ካሜራውን ከሰው ፊት ወደ ዛፍ ያዞረው። ወፍ ሳይንጫጫ ይነሳና ወፎቹ እስኪንጫጩለት ይጠብቃል፤ በኩሬው ዳር፣ በስታዲየሙ አጥር ሥር፣ በሥጋ ቤቶቹ ጀርባ ይዞርና ያነሳውን ለምሳ ሲገባ ካሜራው ላይ ያሳያታል።

እሱ ስለ ወፍ የሚያውቀው ዶሮ አለመሆኗን ብቻ ነው። ለዚያውም በሙያው ነው የሚያነሳት፤ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ወፍ ፓስፖርት ሊያወጣ ነው እንዴ?» ትለዋለች እየሳቀች፤ ሳቁ ወገቧን ሲነካባት ዓይኗን ጨፍና ታሳልፈዋለች። «ጎኑን አሳየኝ፤ ክንፉን፣ የጅራቱን ጫፍ። ወፍ በፊቱ አይታወቅም።»

«እኔ ፊቱን የማይሰጠኝን አላምንም።»

ያም ሆኖ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ዘርግታ፣ ፎቶውን ከሥዕሉ ጋር እያስተያየች የወፉን ስም ትፈልጋለች። ምሳዋ ቀርቶ መድኃኒቷን እንኳ የምትረሳው ያኔ ነበር።

ሐኪሙ አትሳቁን ለብቻው ጠርቶ፣ ከእንግዲህ ሥቃይዋን ከማስታገስ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም ያለው በዝናቡ መግቢያ ነው። አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም፤ የምታውቀውን ነገር ለምን ትጠይቅ?

በዚያው ሰሞን ከፎቶ ሱቁ ጀርባ ካለው ማንጎ ዛፍ ላይ ጎጆ አገኘ። ጅራቱ ከቁመቱ የሚረዝመው የቀዩ ወፍ ጎጆ ነበር፤ ጎጆዋ በመዳፍ ትገባለች። ቲቸር ወፉን ደጋግማ አይታዋለች፤ ጎጆውን ግን ከመጽሐፍ በቀር አይታ አታውቅም።

«እንቁላል ነው ጫጩት?»

«ጫጩት። ቅጠል ሸፈነኝ እንጂ ሦስት ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ክንዱን ያዘችው። «ስማኝ። እነዚህ ልጆች ሲበሩ ሳላይ አልሄድም፤ እሺ?»

የት እንደምትሄድ አልጠየቃትም።

በማግስቱ ማለዳ አትሳቁ ወንበር ላይ ቆሞ ካሜራውን ደገነ። ጎጆዋ ላይ የተደፋው ቅጠል ግን ብርሃን ከለከለው። ምን ያድርግ? ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር ከግንባር ሲያስነሳ የኖረ ሰው ነው። ጉርድ ፎቶ የሚቆርጥበትን መቀስ አውጥቶ ቅጠሉን አንድ በአንድ ቆረጠላቸው። ላባ ያላወጡ ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን በርግደው ብርሃን ውስጥ ቁጭ አሉለት። ጣቱ እስኪደክም አነሳቸው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም።

ቲቸር ስታያቸው አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው። ቀጥላ ግን ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ጥላ የለበትም። ቅጠሉስ?»

«ነፋስ ገለጥ አድርጎልኝ ነው።»

«አልነካኸውም አይደል?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ፎቶውን እንደገና አየችው።

ቅጠሉ የጎጆው በር እንደነበረ፣ በሩ ከተነሳ ደግሞ ቁራ እንደሚገባ አትሳቁ ያወቀው በማግስቱ ነው። ሱቁን ሲከፍት እናትና አባት ወፎቹ ማንጎው ላይ ይጮኻሉ። ጎጆዋ ወደ ጎን ተጋድማለች፤ ውስጧ ባዶ ነው። ሁለት ቁራዎች የሱቁ ቆርቆሮ ላይ መንቁራቸውን ይጠርጋሉ። አትሳቁ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ፎቶ ሊነሳ የመጣ አንድ ሰው ግራ ገብቶት ተመለሰ።

እንግዲህ ምን ይበላት? ሲበሩ ሳላይ አልሄድም ብላለች፤ ካልበረሩ አትሄድም ማለት ነው። ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ያለ ሒሳብ ይሠራል። ያን ማለዳ ካነሳቸው ፎቶዎች በየምሳ ሰዓቱ አንድ እየመዘዘ፣ አንዱን አጠጋግቶ፣ አንዱን አደብዝዞ፣ «ይኸው የዛሬው፤ ደህና ናቸው፣ እየበሉ ነው» ይላት ጀመር። እሷም «እሰይ» ትላለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ ፎቶውም እያለቀ ሄደ። ሕመሙ ግን ጠና። ማስታገሻው አልይዝ አላት፤ ትራሷን እየነከሰች ትውል ጀመር።

አንድ ቀን ለምሳ ሲገባ የምታስታምማት እህቷ በር ላይ ጠበቀችው። «ነፍሷ አልወጣ ብላ ነው የምትሠቃየው። ምን እንደያዛት እንጃ» አለችው።

ምን እንደያዛት እሱ ያውቃል። ገብቶ የመጨረሻውን ፎቶ አሳያት። ረጅም ጊዜ አየችው።

«እኔ የምልህ» አለች፤ ለመስማት ጎንበስ አለላት። «እነዚህ ልጆች ላባ አያበቅሉም እንዴ?»

ካሜራውን ከፊቷ ዞር አደረገ።

«የሳይንስ አስተማሪ እኮ ነኝ። እስካሁን እናታቸውን ማከል ነበረባቸው።»

«ቲቸር…»

«ከመጀመሪያው ፎቶ ነው ያወቅሁት። ቅጠሉን ለእኔ ብለህ ነው የቆረጥከው፤ አልተቀየምኩህም።» ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቃት። «የዚያኑ ማለዳ ፎቶ በየቀኑ ይዘህልኝ ስትመጣ፣ አትሂጂ እያልከኝ እንደሆነ ገባኝ። ለአንተ ብዬ ቆየሁ። አሁን ግን ደከመኝ። በጣም ደከመኝ።»

ካሜራውን ከእጁ ወስዳ አልጋው ላይ ደፋችው።

«በረሩ በለኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። አልልም፣ እንዴት ብዬ እላለሁ አለ። እሷ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

«በረሩ» አላት በመጨረሻ።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም። ትንሿ መጀመሪያ ፈርታ ነበር። ኋላ ግን… እሷም በረረች።»

«እሰይ» አለች።

ያን ዕለት ሳይመሽ ሄደች።